«ስንበዛ ይረክስ የለም ወይ?» ስለ ድርጅቶች የአይቲ ወጪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጀት በሚያዝበት ሰሞን ከፋይናንስም ከአይቲም ክፍል የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

ኢኮኖሚ ኦፍ ስኬል የሚሉት ነገር በአይቲ ወጪ ላይ ምንድን ነው?

ድርጅቱ ሲያድግ ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ የሚቀንስበት ሁኔታ ነው። እዚህ «የብዛት ጥቅም» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጠቅላላ ወጪው ይቀንሳል ማለት ግን አይደለም። ጠቅላላው ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ከሰዉ ቁጥር በዘገየ ፍጥነት ነው።

እንበልና አንድ የሒሳብ ሶፍትዌር ለማስገባት፣ ለማስተካከልና ሰው ለማሠልጠን 900,000 ብር ወጣ። 30 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ በነፍስ ወከፍ 30,000 ብር ነው። 600 ሠራተኛ ላለው ደግሞ 1,500 ብር። ሶፍትዌሩ ያው ነው። የተለየው ወጪውን የሚካፈለው ሰው ብዛት ነው።

ከአይቲ ወጪ የትኛው ነው በብዛት የሚረክሰው?

አንዴ ተከፍሎ ለሁሉም የሚያገለግለው። ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ጥቃትን የሚከለክለው)፣ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ)፣ የሰርቨር (የድርጅቱን መረጃና ሥራ የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር) ክፍል ከነማቀዝቀዣውና ከነጄኔሬተሩ፣ ሲስተሙን ያስገባው አማካሪ ክፍያ፣ የአይቲ ኃላፊው ደመወዝ። እነዚህ 40 ሰው ቢኖርም 140 ሰው ቢኖርም ብዙ አይለዋወጡም።

በሰው ቁጥር የሚቆጠረው ግን አይረክስም። ላፕቶፕ ለአንድ ሰው አንድ ነው። የኢሜይል ላይሰንስም (የመጠቀሚያ ፈቃድ) በሰው ነው። 50 ላፕቶፕ በአንዴ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ተከራክሮ ትንሽ ያስቀንስ ይሆናል፤ 51ኛው ላፕቶፕ በነፃ አይመጣለትም።

በሁለቱ መካከል ደግሞ በደረጃ እየዘለለ የሚወጣ ወጪ አለ። በጀት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንድ የአይቲ ባለሙያ 70 ሰው ሲያግዝ ቆይቶ 80 ላይ ይሰለቻል፣ 90 ላይ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ያኔ ሁለተኛ ሰው ይቀጠራል፤ የነፍስ ወከፍ ወጪውም ለጊዜው ወደ ላይ ይነሳል። የማይክሮሶፍት 365 (ኢሜይል፣ ዎርድና ኤክሴል ያሉበት) የቢዝነስ ፓኬጆች ላይም እንዲሁ ነው። ጣሪያቸው 300 ተጠቃሚ ነው። 301ኛው ሠራተኛ በዚያ ፓኬጅ አይስተናገድም፤ ውድ ወደ ሆነው የኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ መሄድ አለበት። አድጎ መቀጣት ማለት ይሄ ነው።

ትንሽ ድርጅት ነን። ከገቢያችን ጋር ሲነጻጸር የአይቲ ወጪያችን ከትልልቆቹ ለምን ይበልጣል?

መነሻ ወጪ ስላለ ነው። ሱቅ የሚያህል ድርጅትም የኢንተርኔት መስመር፣ ራውተር፣ ባክአፕና ሲበላሽ የሚጠራ ሰው ያስፈልገዋል። ቫይረስ የላከው ሰው የሠራተኛችሁን ብዛት አይጠይቅም። ስለዚህ ከገቢ አንጻር የእናንተ ድርሻ ከፍ ብሎ ቢታይ ብዙ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ከእናንተ ጋር እኩል ከሆነ ድርጅት በእጥፍ ከበለጠ ነው።

በጅምላ ስንገዛ የሚደረግልን ቅናሽ ምን ያህል ነው?

ሰው ከሚጠብቀው ያነሰ። መርካቶ በካርቶንና በፍሬ መግዛት የሚያመጣውን ልዩነት ስለለመድን ዲጂታል ዕቃም እንዲሁ ይመስለናል።

የአማዞንን ኤስ3 የፋይል ማስቀመጫ እንይ። በቨርጂኒያ ማዕከሉ መደበኛው ዋጋ ለመጀመሪያው 50 ቴራባይት በወር ለአንድ ጊጋባይት 2.3 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ከ500 ቴራባይት በላይ ለሚያስቀምጥ ደንበኛ፣ ከዚያ ለሚያልፈው ክፍል፣ 2.1 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ 9 በመቶ አይሞላም። ቅናሹ ጠቀም የሚለው ቃል ስትገቡ ነው። ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ይህን ያህል እጠቀማለሁ ብሎ ለፈረመ ሰው አማዞን በአንዳንድ የኮምፒውተር አገልግሎቶቹ ላይ እስከ 72 በመቶ ይቀንሳል። ሻጩ ከብዛታችሁ ይበልጥ የሚወደው የማትሄዱ መሆናችሁን ነው።

የብዛት ቅናሽ የሻጩ ስጦታ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ማይክሮሶፍት ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር በሚገባው የኢንተርፕራይዝ ስምምነት ደንበኞቹን በተጠቃሚ ብዛት ኤ፣ ቢ፣ ሲና ዲ ብሎ ይመድብ ነበር። ዲ ለመግባት 15,000 ተጠቃሚ ያስፈልግ ነበር። ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ግን ለኦንላይን አገልግሎቶቹ ቅናሽ የነበራቸውን ሦስቱን ደረጃዎች አንስቷል። ስምምነቱን የሚያድስ ትልቅ ደንበኛ እንደማንኛውም በኤ ዋጋ ይከፍላል። ለዓመታት በቅናሹ በጀት ሲሠሩ የነበሩት ትልልቆቹ ናቸው የደነገጡት።

ታዲያ ክላውድ ርካሽ ነው የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ክላውድ ማለት የራስን ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ የሌላን ኩባንያ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት መከራየት ነው። ዕድርን አስቡ። 200 አባል ያለው ዕድር 200 ድንኳን አይገዛም። ሁለት ይበቃዋል። ሐዘን በሁሉም ቤት በአንድ ቀን አይገባማ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ገዝቶ ቢያስቀምጥ ግን ዕቃው ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። የራሳችሁ ሰርቨር እንደዚህ ቤተሰብ ነው። ለወር መጨረሻ የደመወዝ ሥራ ተብሎ ተገዝቶ ቀሪውን ቀን እጁን አጣጥፎ ይውላል። ክላውድ አቅራቢው የሺዎችን ሥራ በአንድ ላይ ስለሚይዝ የአንዱ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሌላው ይሞቃል።

በመብራትም ያተርፋሉ። ጉግል የመረጃ ማዕከሎቹ ለኮምፒውተሮቹ 1 ኪሎዋት ሲያወጡ ለማቀዝቀዣና ለሌላው የሚጨምሩት 0.1 ኪሎዋት አካባቢ መሆኑን ይገልጻል። በዓለም ዙሪያ በማዕከላት ላይ በሚደረጉ ዳሰሳዎች ያ ጭማሪ በአማካይ 0.5 አካባቢ ነው። ቢሮ ጥግ ላይ ኤሲ የተገጠመላት ክፍል ደግሞ ከዚያም ልትብስ ትችላለች።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሥራችሁ ሌት ተቀን እኩል የሚሄድ ከሆነ የምትጋሩት ትርፍ አቅም የለም። ድንኳኑን በየቀኑ የምትጠቀሙ ከሆነ መግዛቱ ይሻላል እንደማለት ነው። ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ክላውድ ከገባችሁ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አብሮ ይቆማል። እዚህ አገር ክላውድ የገባ ድርጅት የሁለተኛ መስመር ወጪን ካልደመረ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ሳፋሪኮም በኦክቶበር 2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛውን መስመር ከሌላ ኩባንያ መያዝ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

ድሮም ትልቅ ኮምፒውተር ርካሽ ነበር እንዴ?

ነበር፤ እንዲያውም «የግሮሽ ሕግ» የሚባል ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኸርበርት ግሮሽ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሰው አንድ ነገር አስተዋለ። የኮምፒውተር ጉልበት በዋጋው ስኩዌር ልክ ያድጋል አለ። እጥፍ ብር ያወጣ አራት እጥፍ ጉልበት ያገኛል። በዚህ ሒሳብ ለአንድ ድርጅት አንድ ግዙፍ ማሽን ገዝቶ ሁሉም ተሰልፎ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነበር አዋጩ።

ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተርን አንጎል በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ የያዘው) ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ለአንድ ብር ብዙ ጉልበት የሚሰጠው ትንሹ ማሽን ሆነ። የዛሬዎቹ ግዙፍ ማዕከላትም ውስጣቸው ሲታይ እልፍ ተራ ማሽኖች የተደረደሩበት ነው። ትርፋቸው ብዙውን ማሽን በጥቂት ሰውና በአንድ ዓይነት አሠራር ማስተዳደራቸው ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ እመለስበታለሁ።

ድርጅታችን አድጓል፤ የነፍስ ወከፍ ወጪው ግን አልቀነሰም። ምን አጠፋን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ በዛችሁ እንጂ አንድ ዓይነት አልሆናችሁም።

በአንድ ወቅት የሠራሁበት ድርጅት ሦስት ቅርንጫፍ ነበረው። እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ የሚያውቀውን ሻጭ ጠርቶ የሚያውቀውን ዕቃ ገዛ። ሦስት ዓይነት የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ሦስት ዓይነት አንቲቫይረስ፣ ቶነሩ ለሌላው የማይሆን ሦስት ዓይነት ፕሪንተር። ወር ሲያልቅ ዋናው ቢሮ ያለች ልጅ የሦስቱን ሪፖርት በኤክሴል እያዛመደች ታመሻለች። የእሷ ትርፍ ሰዓት በአይቲ በጀት ውስጥ የለም፤ ግን የአይቲ ወጪ ነው። በሎጎ አንድ ነበርን፣ በወጪ ሦስት።

ሲስተሞች እርስ በርስ መነጋገር ሲኖርባቸው ደግሞ ይብሳል። አራት ሲስተም ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኝ ከተባለ 6 ማገናኛ ይጠይቃል። ስምንት ሲሆኑ 28። ሲስተሙ በእጥፍ አደገ፤ መገናኛው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ማገናኛ ደግሞ ይበላሻል፣ የሠራው ልጅም ሥራ ለቆ ይሄዳል። ከብዛት የምታገኙትን ጥቅም ይሄኛው ቁጭ ብሎ ይበላዋል።

ስለዚህ ቅናሽ ከመለመን በፊት ዓይነት ቀንሱ። አንድ የላፕቶፕ ሞዴል፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ የሒሳብ ሲስተም። ይህ ከሠራተኛው ጋር ያጣላል፤ ሁሉም የለመደውን ይወዳል። አይቲ ኃላፊው ብቻውን አይችለውም። ከላይ ያለው ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነው» ማለት አለበት።

ትንንሾች ነን፤ ተባብረን ብንገዛስ?

በዚህ እኛ አገር ጥሩ ምሳሌ አለ፤ ባንኮቹ። ካርድና ኤቲኤም የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ለአንድ መካከለኛ ባንክ ከባድ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንክ ተጣምረው ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስን አቋቋሙ። ሦስት ቦታ ሊወጣ የነበረው ወጪ አንድ ቦታ ወጣ። በ2011 ደግሞ ባንኮቹ በጋራ የያዙት ኢትስዊች ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መሥራት ቻለ። በገበያ ላይ የሚፎካከሩ ባንኮች ቱቦውን ግን አብረው ዘረጉ። ደንበኛ ባንክ የሚመርጠው በቱቦው አይደለማ።

መንግሥት ቤትም ይህን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በማዕቀፍ ስምምነት በጋራ የሚፈጸም ግዥም አለ። የጋራ ግዥ ችግሩ ፍጥነት ነው። የሁሉም ፍላጎት እስኪሰበሰብና ጨረታው እስኪያልቅ ሞዴሉ ያረጃል። እኔ ሁለት ሦስት ትንንሽ ድርጅቶችን የምመክራቸው ዕቃ አብሮ ከመግዛት ይልቅ ሰው አብሮ መቅጠርን ነው። አንድ ጎበዝ የደኅንነት ባለሙያ ለሦስት ድርጅት በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ ሊደርስ ይችላል። ብቻቸውን ቢሆኑ አንዳቸውም አይችሉትም።

ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ሲስተም ብናዋህድ አይሻልም?

እንግሊዝ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የሕዝብ ጤና አገልግሎቷን በአንድ ብሔራዊ የአይቲ ፕሮግራም ልታስተሳስር ተነሳች። በ2006 የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ጠቅላላ ወጪውን 12.4 ቢሊዮን ፓውንድ አድርሶ ገመተው። በ2011 መንግሥት ፕሮግራሙን እንደሚበትነው አስታወቀ።

ሁሉም ግን አልከሸፈም። የሐኪም ቤቶቹ ኔትወርክና የራጅ ምስሎችን በዲጂታል የሚይዘው ክፍል ሠርቷል። የተሰናከለው በዋናነት በየሆስፒታሉ ይገባል የተባለው ዝርዝር የሕሙማን መዝገብ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። ኔትወርክ የትም ቢሄድ ኔትወርክ ነው። የራጅ ምስልም እንደዚያው። የአንድ ክፍል ሐኪምና ነርስ በሽተኛ የሚቀበሉበት መንገድ ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። ያንን በአንድ ሻጋታ ለመክተት የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ጥቅም በለጠ። እናንተም ከማዋሃዳችሁ በፊት ይህን ለዩ፦ ሥራው በእውነት አንድ ነው ወይስ ስሙ ብቻ?

ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን አንዴ ቢበላሽ አብሮ አይወድቅም?

ይወድቃል። ጁላይ 19፣ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ውጭ አደረገ። በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ማሽኖች 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ግን በአየር መንገዶች፣ በባንኮችና በሆስፒታሎች ውስጥ ያሉት ነበሩ።

ስለዚህ ካተረፋችሁት ላይ ትንሽ ለመጠባበቂያ ተው። ማሻሻያ ሲመጣ ለሁሉም በአንዴ ሳይሆን መጀመሪያ ለአስር ሰው፣ በማግሥቱ ለሌላው ይላክ። ባክአፑ ዋናው ሲስተም ያለበት ቦታ አይቀመጥ። ይህን ወጪ ፋይናንስ «ድግግሞሽ» ብሎ ሊሰርዘው ይሞክራል። አትፍቀዱ።

ዶላር ሲወደድ የብዛት ጥቅም የት ይገባል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ10,000 ዶላር የዓመት ላይሰንስ ከ570,000 ብር ተነስቶ ሚሊዮን ተሻገረ ማለት ነው። ምንም ዓይነት የብዛት ቅናሽ ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ በጀታችሁን ሁለት ዓምድ አድርጉት፤ የብርና የዶላር። ሁለቱን ደምራችሁ «ወጪያችን ጨመረ» ብትሉ ምንዛሪው ይሁን አሠራራችሁ ጥፋተኛው አይታወቅም።

የብዛት ጥቅም እያገኘን መሆኑን እንዴት እናረጋግጥ?

ሁለት ዓመት አወዳድሩ። አምና 100 ተጠቃሚና 3,000,000 ብር፣ ዘንድሮ 160 ተጠቃሚና 4,200,000 ብር እንበል። ሰዉ በ60 በመቶ፣ ወጪው በ40 በመቶ አደገ። ነፍስ ወከፉ ከ30,000 ወደ 26,250 ወረደ። ይበልጥ የሚነግራችሁ ግን የተጨማሪዎቹ ዋጋ ነው። 60 አዲስ ሰው 1,200,000 ብር አስጨመረ፤ አንዱ 20,000 ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከአማካዩ በታች እስከሆነ ድረስ እያተረፋችሁ ነው። የዋጋ ንረቱን ቀንሱለት። ሠራተኞች ከኪሳቸው ወይም ከሌላ የበጀት ርዕስ የሚከፍሉትንም ጨምሩ። እኔ ስፈልግ ብዙ ጊዜ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ተደብቆ ነው የማገኘው።

አንድ ቅርንጫፋችን «ውጭ በርካሽ አገኛለሁ፣ ልውጣ» ይላል። እንልቀቀው?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሁለቱም ወገን እውነት ስላለው። በቁጥር እንየው። ዋናው ቢሮ ለአይቲ በዓመት 6,000,000 ብር ቋሚ ወጪ አለው፤ በዚያ ላይ በሰው 10,000 ብር። አምስት ቅርንጫፍ፣ እያንዳንዱ 60 ሰው፣ በድምሩ 300። ቋሚው ሲካፈል በሰው 20,000 ይሆናል። ስለዚህ ቅርንጫፎቹ በሰው 30,000 ይጠየቃሉ። አንዱ ቅርንጫፍ ውጭ በ24,000 አገኘ። 360,000 ብር አተረፍኩ ይላል። ለራሱ እውነቱን ነው።

ለድርጅቱ ግን እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ ሲወጣ ዋናው ቢሮ የሚቀንስለት በሰው 10,000፣ ማለትም 600,000 ብር ብቻ ነው። ቋሚው 6,000,000 እንዳለ ይቀመጣል። ለውጭው ሻጭ ግን 1,440,000 ብር ይከፈላል። ድርጅቱ በድምሩ 840,000 ብር ከሰረ። የቀሩት 240 ሰዎች ድርሻም በሰው 35,000 ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ቅርንጫፍ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ነው።

መፍትሔው የክፍያውን ቅርጽ መቀየር ነው። ቋሚውን ከዋናው ቢሮ በጀት ላይ አድርጉት። ወይም ለቅርንጫፎቹ በዓመት መጀመሪያ በቁርጥ አካፍሉት፤ ቢወጡም ባይወጡም የሚከፍሉት ይሁን። በሰው የምታስከፍሉት 10,000ውን ብቻ ይሁን። ያኔ የ24,000ው ዋጋ ርካሽ መስሎ አይታይም። ከ10,000 በታች የሚያቀርብ ሻጭ ካመጡ ግን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ያ 6,000,000 በእውነት ቋሚ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ውል ያልቃል፣ ሰርቨር ያረጃል፣ ሰው ይለቃል። ቅርንጫፉን መልቀቅ የሚያዋጣ ከሆነ ጊዜው ያኔ ነው።